የፖሊስን ደመወዝ ማን ይጽፈዋል?

የሥራና የደመወዝ ሕግ ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት የፖሊስ አባላትና የቤተሰቦቻቸው ናቸው። ደስ ብሎኛል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ የፖሊስ ደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ማዘጋጀት ነበር፤ ሕግ በማታ የተማርኩትም በዝርዝሩ ላይ የማየው ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚያስረዳኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ ስምና የሥራ ቦታ አውጥቼ አቅርቤያለሁ። የጻፋችሁልኝ ስለ አንድ አገር ብቻ ስላልሆነ መልሱም ከብዙ አገር ሕግ የተቀዳ ነው። የውጭ አገር ቀንና ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው፤ የኢትዮጵያ አዋጆች ዓመት ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከባልደረባዬ ጋር ክርክር ገጥመናል። እሱ «የፖሊስ ደመወዝ በአዋጅ የተወሰነ ነው፤ ያለ ፓርላማ ማንም አይነካውም» ይላል። እኔ «በደብዳቤ የመጣ ነገር በደብዳቤ ይሄዳል» እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?

ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። አዋጁ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር አይጽፍም። አዋጁ የሚለው «እገሌ የፖሊስን ደመወዝ በደንብ ይወስናል» ነው። ደንቡ ደግሞ ተራውን ይጠብቅና ዝርዝሩን ወደ አንድ ሠንጠረዥ ይመራዋል። ቁጥሩ ያለው እዚያ ነው።

እንግሊዝን ብንወስድ እ.ኤ.አ. የ1996 የፖሊስ ሕግ በአንቀጽ 50 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስለ ፖሊስ የሥራ ሁኔታ ደንብ እንዲያወጣ ይፈቅዳል፤ ደመወዝና አበል እዚያ ውስጥ ከተዘረዘሩት ጉዳዮች ናቸው። በዚህ መሠረት የ2003 የፖሊስ ደንብ ወጣ። የደንቡ ቁጥር 24 ስለ ደመወዝ ያወራል፣ ግን እሱም ቢሆን መጠኑን ሚኒስትሩ ይወስናል ብሎ ያልፈዋል። የኮንስታብሉ፣ የሳጅኑና የኢንስፔክተሩ መጠን ተዘርዝሮ የሚገኘው ሚኒስትሩ በሚያወጣው ውሳኔ አባሪ ላይ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝ ፖሊስ ደመወዝ «በሕግ የተወሰነ» ነው ሲባል እውነት ነው፤ ፓርላማ ተሰብስቦ ቁጥር በቁጥር ድምፅ ይሰጥበታል ማለት ግን አይደለም።

ሕንድም አካሄዷ ተመሳሳይ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 309 የመንግሥት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ የሚመለከት ደንብ የማውጣት ሥልጣን ይሰጣል፤ በዚያ ሥልጣን የ2016 የተሻሻለው የደመወዝ ደንብ ወጣ፤ የደመወዝ ሠንጠረዡ ከደንቡ ጋር ተያይዞ ይገኛል። ኬንያ ደግሞ ጉዳዩን እስከ ሕገ መንግሥት ድረስ አውጥታዋለች። የ2010 ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 230 የደመወዝና ክፍያ ኮሚሽን አቋቁሞ፣ ኮሚሽኑ ስለ መንግሥት ሠራተኞች ክፍያ ምክር ሲሰጥ ምን ምን እንደሚያይ ሳይቀር ይናገራል፦ የመንግሥት አቅም ይችለዋል ወይ፣ ችሎታ ያላቸውን ሰዎች ይስባል ያቆያልስ ወይ፣ ምርታማነትን ይመዝናል ወይ፣ ግልጽና ፍትሐዊ ነው ወይ። እንዲህ ያለ መመዘኛ በጽሑፍ ሲቀመጥ «ለምን ይሄን ያህል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ አለው።

ቁጥሩ ራሱ በሕጉ ውስጥ የሚጻፍበትም አለ፣ ብዙ አይደለም እንጂ። ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀው የአሜሪካ ሲክሬት ሰርቪስ ዩኒፎርም ለባሽ ክፍል የማዕረግና የእርከን ሠንጠረዡ በፌዴራሉ ሕግ ውስጥ ተቀምጧል፤ የአጠቃላይ መንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ሲጨምርም በዚያው መቶኛ እንዲከተል ሕጉ አብሮ ያዛል።

ኢትዮጵያን በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ የፌዴራል ፖሊስን ማቋቋምና መምራት ለፌዴራሉ መንግሥት (አንቀጽ 51)፣ የክልል ፖሊስን ደግሞ ለክልሎች (አንቀጽ 52) ሰጥቷል። ስለዚህ አንድ ወጥ የሆነ «የፖሊስ ደመወዝ» ከሕገ መንግሥቱ አይነሣም፤ መጀመሪያ የማን ፖሊስ ተብሎ መጠየቅ አለበት። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ የተተካው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 «የመንግሥት ሠራተኛ» ብሎ ሲተረጉም የመከላከያና የፌዴራል ፖሊስ አባላትን አውጥቶ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም፣ ቁጥር 1156/2011፣ የፖሊስ አባላትን አይመለከትም። የሲቪል ሰርቪሱን ስኬል ይዞ «ለእኔም ይሠራል» የሚል አባል በተሳሳተ ወረቀት እየተከራከረ ነው።

እንግዲህ ባልደረባዎ «ማንም አይነካውም» ያለው አያስኬድም። ቁጥሩ ያለው ዝቅ ባለው ሕግ ላይ ከሆነ ለማሻሻል ቀላል ነው፤ ለመዘንጋትም እንዲሁ። እኔን ከጠየቁኝ ቁጥሩ ታች ቢቀመጥ አይከፋኝም፤ በስንት ጊዜ መታየት እንዳለበትና ማን መታየቱን እንደሚያስገድድ የሚለው ግን አዋጁ ውስጥ መግባት አለበት። ስኬል ሳይታይ ዓመታት የሚያልፉት ይህ ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

ጥያቄ፦ ዕድገት አግኝቼ በማዕረግ ከፍ ብያለሁ። ከእኔ በታች ያለ አባል ግን ደመወዙ ይበልጠኛል። ይህ ስሕተት ነው ወይስ በደል?

በአብዛኛው ሁለቱም አይደለም፤ የስኬሉ አሠራር ነው። ይህን ጥያቄ በመስኮት ስንት ጊዜ እንደመለስኩት! በቃል ብቻ ሲነገር አይገባም፣ ቁጥር ይፈልጋል። ለሁሉም ሰው ክፍት የሆነና ጥርት ያለ ሠንጠረዥ ያለው ሕንድ ስለሆነ በእሱ ላሳይዎ፤ ገንዘቡ ሩፒ ነው።

በሕንድ ሰባተኛው የደመወዝ ኮሚሽን ሠንጠረዥ መሠረት በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ያለ ኮንስታብል ደረጃ 3 ላይ ነው። መነሻው 21,700 ነው። ይህም ቁጥር ከሰማይ አልወረደም፦ የቀድሞው መነሻ 8,460 ነበር፣ ኮሚሽኑ በ2.57 እንዲባዛ አለ፣ 21,742 መጣ፣ ወደ ቅርቡ መቶ ተጠጋግቶ 21,700 ሆነ። ከዚያ በየዓመቱ የእርከን ጭማሪ 3 በመቶ ነው፣ እሱም እየተጠጋጋ። 22,400፣ 23,100፣ 23,800፣ 24,500፣ 25,200 እያለ ይሄዳል። ደረጃ 3 በዚህ ዓይነት 40 እርከን ያህል ተጉዞ 69,100 ላይ ጣሪያውን ይነካል።

ከኮንስታብል በላይ ያለው ሄድ ኮንስታብል ደረጃ 4 ነው፤ መነሻው 25,500፣ ቀጥሎ 26,300፣ ቀጥሎ 27,100። አሁን ሁለቱን ደረጃዎች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ደረጃ 4 የሚጀምረው ደረጃ 3 ካለቀበት አይደለም፤ ገና ስድስተኛውን እርከን እንዳለፈ ነው። ሁለቱ ደረጃዎች ለረጅም መንገድ ተደራርበው ይጓዛሉ።

እንግዲህ አንድ ኮንስታብል 25,200 ላይ እያለ ያድጋል እንበል። ደንቡ የሚለው መጀመሪያ ባለበት ደረጃ አንድ እርከን ይጨመርለት ነው፤ 26,000 ይሆናል። ቀጥሎ በአዲሱ ደረጃ ውስጥ ከዚያ ጋር እኩል የሆነውን፣ እኩል ከሌለ ቀጥሎ ያለውን ከፍተኛ እርከን ይይዛል፤ 26,300። እዚያው ጣቢያ ሳያድግ አሥራ ሁለተኛው እርከን ላይ የደረሰ ኮንስታብል ግን 30,200 ያገኛል። በማዕረግ የበታች ነው፣ በደመወዝ 3,900 ይበልጣል። ማንም አልተሳሳተም፣ ማንም አልተበደለም። አንደኛው የተከፈለው ለማዕረጉ ነው፣ ሌላው ለአገልግሎቱ።

በደል የሚሆነው መቼ ነው? ያደገው ሰው አዲሱ ደረጃ መነሻ ላይ ተጥሎ ከቀድሞ ደመወዙ ጋር እኩል ወይም ከዚያ በታች ሲሆን። ብዙ የደመወዝ ደንብ ይህን የሚከለክል አንቀጽ አለው፤ የእርስዎንም ደንብ ገልጠው «በዕድገት ጊዜ» የሚለውን ንዑስ ርእስ ይፈልጉ። ሌላው ችግር ደግሞ አዲስ ስኬል ሲወጣ ነው፤ መነሻው በደንብ ከፍ ይላል፣ የቆዩት ግን በአዲሱ ሠንጠረዥ «ቅርብ እርከን» ላይ ይቀመጣሉ። አሥር ዓመት ያገለገለና ትናንት የተቀጠረ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ይህንን ኮሚቴዎች «የሽግግር ችግር» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ስኬሉን ያዘጋጀው ሰው የቆየውን አባል ረስቶታል እላለሁ።

ጥያቄ፦ የጣቢያ አዛዥ በሥራው ለበለጠ አባል ደመወዝ ሊጨምር ይችላል?

አይችልም። ሊመሰክርለት፣ ለዕድገት ሊያጨው፣ ሽልማት እንዲሰጠው ሊጠይቅለት ይችላል። ቁጥሩን የመንካት ሥልጣን ሕጉ ለሰጠው አካል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ መምህሩም ሐኪሙም ማኅበር አለው፤ ሲከፋው ይሰበሰባል፣ ሥራ እስከማቆም ይሄዳል። ፖሊስ ለምን እንደነሱ አይደራደርም? ሥራ ማቆም ከተከለከለስ በምትኩ ምን ተሰጠው?

ከደብዳቤዎቹ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው፤ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ዋናውን ነገር ይዞታል። መልሱም ረዘም ይላል፣ ይታገሡኝ።

ክልከላው ከዓለም አቀፍ ሕግ ጋር አይጋጭም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 ሠራተኛ ሁሉ የመደራጀት መብት አለው ካለ በኋላ፣ በአንቀጽ 9 ይህ መብት ለጦር ኃይሎችና ለፖሊስ እስከምን ድረስ እንደሚሠራ የየአገሩ ሕግ ይወስን ብሏል። የ1949ኙ ቁጥር 98 ስለ ድርድር ተመሳሳይ ነገር ይላል። ሕንድ ለምሳሌ በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 33 ፓርላማው የእነዚህን ኃይሎች መብት እንዲገድብ ፈቅዳ፣ በ1966 የፖሊስን የመደራጀት መብት የሚገድብ ሕግ አውጥታለች።

ታሪኩ ግን ከስምምነቶቹ ይቀድማል፤ ብዙው የሚጀምረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ነው። ነሐሴ 1918 መጨረሻ ላይ የለንደን ፖሊስ ሥራ አቆመ። የኑሮ ውድነቱ በጦርነቱ ዓመታት ንሮ ደመወዙ ከኋላ ቀርቶ ነበር፤ በማኅበር ሥራው የተባረረ ባልደረባ ጉዳይም ነበረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ ደመወዝ ጨመሩ፣ የተባረረው ተመለሰ፣ ማኅበሩ ግን እውቅና አላገኘም። ከዚያ በሎርድ ዴዝቦሮ የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ያየው ነገር ለዛሬም ትምህርት አለው፦ የየአካባቢው ፖሊስ ደመወዝ የሚወሰነው በየአካባቢው አስተዳደር ስለነበር ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ኮንስታብሎች ከቦታ ቦታ የተለያየ ደመወዝ ነበራቸው። ኮሚቴው ለሁሉም አንድ ወጥ መጠን ይኑር አለ። የ1919ኙ የፖሊስ ሕግ ደግሞ ፖሊስ የሠራተኛ ማኅበር አባል እንዳይሆን ከለከለ፤ በምትኩ የፖሊስ ፌዴሬሽን የሚባል፣ በሕግ የተቋቋመ፣ ሥራ ማቆም የማይጠራ አካል ሰጠ። በዚያው ክረምት ይህን የተቃወሙ፣ በተለይ በሊቨርፑል፣ ሁለተኛ ጊዜ ሥራ አቆሙ። ከ2 ሺህ በላይ ነበሩ። ሁሉም ተባረሩ፣ አንዳቸውም አልተመለሱም።

በዚያው ዓመት መስከረም ውስጥ አሜሪካ ቦስተን ላይ ከ1,544 ፖሊሶች 1,117ቱ ከሥራ ወጡ። የግዛቷ ገዥ ካልቪን ኩሊጅ በሕዝብ ደኅንነት ላይ ማንም፣ የትም፣ መቼም ሥራ የማቆም መብት የለውም አሉ፤ ይህ አባባል እስከ ፕሬዚዳንትነት ድረስ እንዳደረሳቸው ይነገራል። አድማው ላይ የነበሩት ወደ ሥራ አልተመለሱም። የሚያሳዝነው፣ እነሱ የጠየቁት የተሻለ ደመወዝ የተሰጠው በቦታቸው ለተቀጠሩት ነው።

ይህን ሁሉ የተረክኩት ለወግ አይደለም። ሕጉ ከፖሊስ አንድ ነገር ወስዷል፤ የሚቀረው ጥያቄ በምትኩ ምን እንደሰጠ ነው። የአንድን አገር የፖሊስ ደመወዝ ሕግ ስመለከት መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነው እንጂ የመነሻ ደመወዙን አይደለም።

ሦስት ዓይነት ምትክ አይቻለሁ። አንደኛው አስገዳጅ ግልግል ነው፦ ድርድሩ ካልሠመረ ገለልተኛ ዳኛ ይወስናል፣ ውሳኔውም ሁለቱንም ወገን ያስራል። ደቡብ አፍሪካ የ1995 የሥራ ግንኙነት ሕጓ የፖሊስ አገልግሎቱን አስፈላጊ አገልግሎት ብሎ ሥራ ማቆምን ይከለክላል፤ በምትኩ የድርድር ምክር ቤት አለ፣ ክርክሩም ወደ ግልግል ይሄዳል። የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲም ከ1977 ጀምሮ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ሠራተኞች እንዲህ ያለ ግልግል አላት። ግን መንግሥት ገላጋዩን የሚጠመዝዝበት መንገድ አያጣም፦ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሕግ ገላጋዩ በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ በዓመት በአማካይ ከ2 በመቶ በላይ እንዳይፈቅድ ጣሪያ አበጀለት። ጣሪያው እስከ 2017 መጨረሻ ቆይቶ ጊዜው አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ገላጋዩ ነበረ፣ እጁ ግን ታስሮ ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት ምክር ብቻ የሚሰጥ ገለልተኛ አካል ነው። እንግሊዝ ዛሬ ያላት ይህን ነው። ከ2014ቱ ሕግ ወዲህ የፖሊስ ክፍያ ገምጋሚ አካል ከሁለቱም ወገን ማስረጃ ሰምቶ ለሚኒስትሩ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው ሚኒስትሩ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሁለቱ ወገኖች የሚደራደሩበት የድርድር ቦርድ ነው፤ ስኮትላንድ ግን የድርድር ቦርዱን አሠራር ይዛ ቀጥላለች።

ምክር ከውሳኔ ምን ያህል እንደሚርቅ ለማየት ወደ 2007 እንመለስ። ያኔ የድርድር ቦርዱ ገና ነበረ። ድርድሩ ስላልሆነ ጉዳዩ ወደ ግልግል ጉባኤ ሄደ፤ ጉባኤው 2.5 በመቶ ይጨመር አለ። ጭማሪው በልማድ ከመስከረም 1 ቀን የሚታሰብ ነበር። የጊዜው ሚኒስትር ጃኪ ስሚዝ መቶኛውን ተቀበሉ፣ ቀኑን ግን ወደ ታኅሣሥ 1 አዞሩት። ከአሥራ ሁለት ወር ሦስቱ ወደቁ። 2.5ን በ12 አካፍለው በ9 ቢያባዙት 1.9 ገደማ ይመጣል። መቶኛው ሳይነካ ጭማሪው ተቀነሰ! ስኮትላንድ ከመስከረም ጀምሮ ከፈለች፤ ድንበር ለድንበር የሚሠሩ ሁለት ኮንስታብሎች ተለያዩ። ጥር 2008 ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ፖሊሶች ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ፣ ሲቪል ለብሰው ለንደን ላይ ሰልፍ ወጡ። ፍርድ ቤት ሄደውም አልቀናቸውም፤ የጉባኤው ውሳኔ ሚኒስትሯን በሕግ የሚያስር አልነበረም።

ሦስተኛው ዓይነት ምንም አለመስጠት ነው፦ ተከልክሏል፣ አለቀ። አባሉ የሚጠብቀው የመንግሥትን በጎ ፈቃድና የበጀት ዓመቱን ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ደመወዙ በአንድ ወቅት ጥሩ ሊሆን ይችላል። ስኬሉ ሲያረጅ ግን የሚያስታውስ ሰው የለውም፤ ጉድለቱን ደግሞ አባሉ ሌላ ቦታ ፈልጎ ይሞላዋል። ሌላ ቦታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደብዳቤ የጻፉልኝ አንባቢ የሚያውቁት ይመስለኛል።

ለጥያቄዎ ቁርጥ ያለ መልስ ከፈለጉ፦ ክልከላው ይገባኛል፤ ፖሊስ ሥራ ሲያቆም መጀመሪያ የሚጎዳው ደካማው ነው። ያለ አስገዳጅ ግልግል ሲሆን ግን የአንድ ወገን ውል ነው።

ጥያቄ፦ ሰዓቴ አልቆም «ተጠባበቅ» እባላለሁ። ለመጠባበቅ ይከፈላል?

እንደ ሕጉ ነው፤ ሁለት መንገድ ልንገርህ። አንደኛው ሰዓት ቆጥሮ መክፈል ነው። የአሜሪካ የፌዴራል የሥራ ሕግ ለብዙው ሠራተኛ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ትርፍ ሰዓት ያስባል፤ ለሕግ አስከባሪ ግን የፈረቃውን ጠባይ አይቶ እስከ 28 ቀን የሚደርስ የሥራ ዙር ይፈቅዳል፣ በ28 ቀን ውስጥ ትርፍ ሰዓት የሚጀምረው ከ171 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሃምሳ ሰዓት ሠርተህ ቀጣዩ ሳምንት ከቀለለ ምንም ላይታሰብልህ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ሰዓቱን ሳይቆጥሩ በጅምላ መክፈል ነው። በ1994 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የፌዴራል ወንጀል መርማሪዎች በፈለጓቸው ጊዜ ዝግጁ ሆነው እንዲገኙ ጠይቆ፣ በምትኩ በደመወዛቸው ላይ 25 በመቶ ይጨምራል። በሥራ ቀን በአማካይ ሁለት ተጨማሪ ሰዓት መሥራት ወይም ዝግጁ መሆን አለባቸው። ይህኛውን እኔ እመርጠዋለሁ፤ አዛዡም አባሉም በየቀኑ ሰዓት ፈርመው ከመጨቃጨቅ ይድናሉ። አንተ ግን አሁን ማድረግ ያለብህ «ተጠባበቅ» ያለህ ትእዛዝ በጽሑፍ ወይም በጣቢያው መዝገብ ላይ መስፈሩን ማረጋገጥ ነው። ያልተመዘገበ ሰዓት በደመወዝ ክፍል ዓይን የለም።

ጥያቄ፦ ደመወዜ አነስተኛ ነው፤ የሚያኖረኝ አበሉ ነው። ጡረታ ስወጣ የትኛው ይታሰብልኛል?

ይህን ቀደም ብለው መጠየቅዎ መልካም ነው። በአብዛኛው አገር ጡረታ የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው፤ የመስክ አበል፣ የቤት አበል፣ የምግብ ተብሎ የሚሰጠው ሁሉ ከስሌቱ ውጭ ይቀራል። ደመወዝ ሲያንስ አበል መደርደር ለመንግሥት ርካሽ የሚሆነውም በዚህ ነው፤ ዛሬ የሚከፍለው ነገ አይከተለውም። በወር ገቢው ብዙ አበል ያለበት አባል ጡረታ ሲወጣ ገቢው በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል።

መዋጮውም ቢሆን ለፖሊስ የተለየ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 ለምሳሌ፣ ለሲቪል አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ የሚያዋጣውን 11 በመቶ ሲያደርግ ለወታደራዊና ለፖሊስ አገልግሎት 25 በመቶ አድርጎት ነበር፤ ከሠራተኛው የሚቆረጠው ግን ለሁለቱም 7 በመቶ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ፖሊስ ቀድሞ ጡረታ ይወጣል፣ ይጎዳልም፣ ስሌቱም ለአገልግሎት ዘመኑ ከፍ ያለ ተመን ይሰጣል። መቶኛው የሚባዛው ግን በደመወዙ ነው። ስለዚህ ስኬል ሲሻሻል «መነሻው ይጨምር ወይስ አበሉ?» የሚል ጥያቄ ከተነሣ፣ ለወጣቱ አባል ሁለቱም ያው ሊመስለው ይችላል፤ ለእርስዎ ግን ያው አይደለም። በስብሰባ ላይ ዕድል ካገኙ ይህን ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሳጅንነት ዕድገት ደብዳቤ ደርሷት ማዕረጉን ለጠፈች። ደመወዙ የተስተካከለው ግን ከወራት በኋላ ነው። የመካከሉ ይከፈላታል? ለማንስ እናመልክት?

ደብዳቤውን አውጥታችሁ ሦስት ቀን ፈልጉ፦ ዕድገቱ የተወሰነበት፣ ደብዳቤው የተጻፈበት፣ «ከ… ቀን ጀምሮ» የሚለው። ለክፍያ የሚቆጠረው ሦስተኛው ነው። እሱ ከተጻፈ የመካከሉ ውዝፍ ነውና ሊከፈላት ይገባል፤ ካልተጻፈ የደመወዝ ክፍል ሠራተኛው የሚቀለውን ቀን ይይዛል፣ የሚቀለው ደግሞ ዝርዝሩ ላይ የገባበት ወር ነው። በሥራ ዘመኔ ከነበሩ ክርክሮች ብዙዎቹ የተነሡት ከዚህች ባዶ ቦታ ነው። የጸሐፊው ጥፋት ነው እንጂ ሕግ ጎድሎ አልነበረም።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። የዕድገት ደብዳቤው ቁጥርና ቀን፣ ከዕድገቱ በፊትና በኋላ የነበረችበት ደረጃና እርከን፣ የጎደለው በወር ስንት እንደሆነና በስንት ወር እንደሚባዛ፣ የተመሠረተበት የደንቡ ቁጥር። ድምሩን እናንተው አስሉት፤ «ይታይልን» ብሎ የሚያልቅ ማመልከቻ ይታያል፣ ይመለሳልም። መጀመሪያ ለሰው ኃይል ክፍሉ ይግባ፣ ግልባጭ ለፋይናንስ። መልስ ከዘገየ በመሥሪያ ቤቱ የቅሬታ ሰሚ በኩል ይቀጥላል፤ ፖሊስ በመደበኛው የሥራ ክርክር ችሎት የማይታይበት አገር ብዙ ስለሆነ ይህን ደረጃ መዝለል ያስመልሳል።

የደመወዝ ጥያቄ በይርጋ የሚታገድበት ጊዜ አለው፤ ከብዙ ሌላ የገንዘብ ጥያቄም ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻው በገባበት ዕለት መዝገብ ቤቱ ቀንና ማኅተም ያሳረፈበትን ቅጂ ይዛችሁ ውጡ።